የመጠጥ ሱስን ለመተው የሚረዱ ስብሰባዎች፦ የት ይገኛሉ? ገብተንስ ምን ይጠብቀናል?



ባለፈው ዓመት በምኖርበት ከተማ የአንድ ወዳጃችን ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ነበር። ዕድሜው ገና ሃምሳ አልሞላም። ሰው ከሩቅ ስቴት ሳይቀር መጥቶ ቤቱ ሞልቷል። ምን ነካው ብሎ የጠየቀ ሁሉ የሚያገኘው መልስ "ድንገተኛ ሕመም ነው" የሚል ነበር። የገደለው ጉበቱ እንደሆነ፣ ጉበቱንም የጎዳው ምን እንደሆነ በዚያ ቤት ከተቀመጥነው ቢያንስ ግማሻችን እናውቃለን። በሕይወት ሳለ ግን "ወንድሜ፣ ማክሰኞ ማታ እዚህ ቅርብ ቦታ ስብሰባ አለ፤ ና አብረን እንሂድ" ያለው አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም። የእኔ ከሌላው የሚብሰው ቦታውን አሳምሬ ስለማውቅ ነው። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ወደዚያ ስብሰባ መመላለስ ከጀመርኩ አምስት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ሙያዬ ምህንድስና ነው፤ ሐኪምም የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም። ይህችን ጽሑፍ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ያዘጋጀኋት ለወዳጄ ሳልነግረው የቀረሁትን ለሌላ ሰው ለመንገር ነው። ስሜን ያልጻፍኩበት ምክንያት የምሄድበት ማኅበር አባላቱ በጋዜጣና በሬዲዮ በስማቸው እንዳይወጡ ስለሚጠይቅ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ እኔን ይመለከተኛል?

"ሰካራም" ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ጠላ ቤት ደጃፍ የወደቀ ሰው ነው። በየማለዳው ተነሥቶ ሥራ የሚገባ፣ ቤት የገዛ፣ ልጆቹን ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት የሚያደርስ ሰው ራሱን በዚህ ስም አይጠራም። እኔም አልጠራሁም። ምክንያቶቻችን የታወቁ ናቸው። "ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው"፣ "ቢራ ብቻ ነው የምጠጣው"፣ "ለጨብሲ ነው እንጂ መጠጡንስ አልወደውም" እንላለን። ከሁሉም የሚያታልለው ግን "ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ አልቀምስም፤ ሱስ ቢሆን ኖሮ እንዴት እችል ነበር?" የሚለው ነው። ጥያቄው ለ55 ቀን መተው መቻሉ ላይ አይደለም። ጥያቄው ከፋሲካ በኋላ ስንጀምር በልክ ማቆም እንችላለን ወይ የሚለው ነው።

ራስን ለመመርመር የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው "ኦዲት" የተባለ የ10 ጥያቄዎች መጠይቅ አለ። በየቋንቋው በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ለመሙላትም ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከፍተኛው ነጥብ 40 ሲሆን 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለጉዳት የሚያጋልጥ ነው ይባላል። 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሱስ ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ማየት ይገባል። በአሜሪካ ሐኪሞች የሚገለገሉበትና በ2013 የወጣው የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ደግሞ 11 ምልክቶችን ይዘረዝራል። ካሰቡት በላይ መጠጣት፣ ለመተው ሞክሮ አለመቻል፣ በመጠጥ ምክንያት የቤትና የሥራ ኃላፊነትን መጣል፣ ለመስከር የሚያስፈልገው መጠን እየጨመረ መሄድና የመሳሰሉት ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ምልክት የታየበት ቀላል፣ አራት ወይም አምስት የታየበት መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ የታየበት ከባድ ተብሎ ይመደባል። እንግዲህ ነገሩ "ነህ" ወይም "አይደለህም" ተብሎ የሚቆረጥ ሳይሆን ደረጃ ያለው ነው።

ሲቆጥሩ ደግሞ መለኪያውን ይወቁት። በአሜሪካ አንድ መጠጥ የሚባለው 14 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘ ነው። ይህም 355 ሚሊ ሊትር መደበኛ ቢራ፣ 148 ሚሊ ሊትር ያህል ወይን ወይም 44 ሚሊ ሊትር ያህል ውስኪ ማለት ነው። በእንግሊዝ አንድ "ዩኒት" 8 ግራም ብቻ ነው። ቤት የተጣለ ጠጅና ቤት የወጣ አረቄ ግን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ልክ ስለሌለው "ሁለት ብርሌ ብቻ" የሚለው ቆጠራ ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ከስብሰባ በፊት ሐኪም የሚያስፈልገው ማን ነው?

ይህን ክፍል እባክዎ አይዝለሉት። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ትርታ መጨመርና እንቅልፍ ማጣት ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት 6 እስከ 24 ሰዓታት ውስጥ ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ በአንዳንዱ ላይ ቅዠት፣ የአእምሮ መሳትና ትኩሳት ይታያል። ይህ ሳይታከም የቀረ እንደሆነ ይገድላል።

ስለዚህ ጠዋት ሲነሡ እጅዎ የሚንቀጠቀጥና በመጠጥ የሚረጋጋ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ተንፈራግጠው የሚያውቁ ከሆነ ብቻዎን አያቁሙ። መጀመሪያ ለሐኪም ይንገሩ። ጠበል ለመግባት የወሰኑም ቢሆኑ እንዲሁ ያድርጉ፤ ሰባት ቀን ጠበል ገብቶ በድንገት ማቆም ለሰውነት ያው በድንገት ማቆም ነው። መንፈራገጥ ወይም ቅዠት ከታየ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ይደወላል።

የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱና ላለመጠጣት የሚያግዙ መድኃኒቶችም አሉ። በአሜሪካ ናልትሬክሶን በ1994፣ አካምፕሮሴት በ2004 ለዚህ አገልግሎት ተፈቅደዋል። መድኃኒት መውሰድና ስብሰባ መሄድ አይጣሉም። በስብሰባው ላይ "መድኃኒቱን ተወው" የሚል ቢያጋጥምዎ ያ የእርሱ የግል አስተያየት ነው፤ ማኅበሩ ራሱ አባላቱ ሐኪም እንዳይሆኑ ያስጠነቅቃል።

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ምንድን ነው?

በአጭሩ "ኤኤ" ይባላል። እኛ ሰዎች አ.አ. ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የአዲስ አበባ ታርጋ ነው፤ እኔም ለጓደኛዬ "ኤኤ እየሄድኩ ነው" ብዬው "ቲኬቱን ስንት ገዛኸው?" ብሎኛል። ትርጉሙ "ስማቸውን የማይገልጹ የመጠጥ ሱሰኞች" እንደ ማለት ነው።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1935 ኦሃዮ ውስጥ በምትገኘው አክረን ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ሰው መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖት ለሥራ ወደዚያ ሄደ። ሥራው ሲበላሽበት የመጠጣት ፍላጎቱ መጣበት። ሌላ ጠጪ አግኝቶ ቢያነጋግር እንደሚድን ስላሰበ ስልክ እየደወለ ጠየቀና ዶክተር ሮበርት ስሚዝ ከሚባሉ ቀዶ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ዶክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጡበት ሰኔ 10 ቀን 1935 የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይታሰባል። መጽሐፋቸው በ1939 ታተመ፤ ማኅበሩም ስሙን የወሰደው ከመጽሐፉ ነው።

የነገሩ ሥር ይኸው ነው። የሚጠጣን ሰው ከሁሉ በላይ የሚረዳው ያው ችግር የነበረበት ሌላ ሰው ነው። የሚናገረውም ሰው በመናገሩ ራሱ ይረዳል። እኛ "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" የምንለው ማለት ነው።

ለእኛ ሰው ማኅበሩን ለማስረዳት የሚቀርበው ምሳሌ የጽዋ ማኅበር ነው። በታወቀ ቀን ይሰበሰባሉ፤ አገልግሎቱ በተራ ይደርሳል፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ይጠይቀዋል። ልዩነቱ በጽዋው ፋንታ ቡና መኖሩ፣ ቋሚ ሹም አለመኖሩና መዋጮ በግዴታ አለመሆኑ ነው። አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም መጠጥን ለማቆም መፈለግ። መመዝገቢያ ፎርም የለም፤ መታወቂያ አይጠየቅም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም አይነሣም። ቡድኖቹ ወጪያቸውን በአባላቱ መዋጮ ብቻ ይሸፍናሉ፤ ከመንግሥትም ሆነ ከውጭ ሰው ገንዘብ አይቀበሉም። እነዚህ አሠራሮች "12ቱ ወጎች" ይባላሉ፤ በ1950 ክሊቭላንድ ላይ በተደረገ ጉባኤ ጸድቀዋል። "12ቱ እርምጃዎች" ደግሞ አባሉ ራሱን የሚመረምርባቸው፣ የበደላቸውን የሚክስባቸውና ሌላውን የሚረዳባቸው ናቸው።

"ሃይማኖት ነው እንዴ?" ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። እርምጃዎቹ ስለ እግዚአብሔር ይናገራሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው እርሱን እንደ ተረዳው ነው የሚሉት። ስብሰባው በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የሚደረገው ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ እንጂ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አይደለም። በእኔ ቡድን ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክ፣ ሙስሊም፣ አይሁዳዊና ምንም የማያምን ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል። የንስሐ አባት ላለው ሰው ይህ የንስሐ ምትክ አይደለም። በአንድ ነገር ግን ከለመድነው ይለያል። እኛ ብዙ ጊዜ "በታቦቱ ምያለሁ፤ ሁለተኛ አልቀምስም" ብለን ለዕድሜ ልክ እንገዘታለን። መሐላው ሲፈርስ ኀፍረቱና የበደል ስሜቱ ተጨምሮ ጭራሽ ያስጠጣናል። እዚያ ግን የሚጠየቀው ዛሬን ብቻ አለመጠጣት ነው፤ ነገ ለነገ ይተዋል።

ኤኤ የማይስማማው ምን አማራጭ አለው?

ስማርት ሪከቨሪ የተባለው ድርጅት በ1994 የተመሠረተ ሲሆን መንፈሳዊ ነገር አያነሣም። የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የሚባለውን ዘዴ ይከተላል፤ መልመጃዎችና ሠንጠረዦች ስላሉት እንደኔ ያለ መሐንዲስ ይመቸዋል። ውሜን ፎር ሶብራይቲ ለሴቶች ብቻ የተቋቋመ ነው። ሴሌብሬት ሪከቨሪ በ1991 በካሊፎርኒያ ወንጌላዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጀመረ በግልጽ ክርስቲያናዊ የሆነ ፕሮግራም ነው። አንዱን ሞክሮ ያልወደደው ሌላውን ይሞክር፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚሄድም አለ።

እንዴት ይገኛሉ?

በአሜሪካ፦ ቀላሉ መንገድ ኤኤ "ሚቲንግ ጋይድ" በሚል ስም ያወጣውን ነጻ የስልክ መተግበሪያ መጫን ነው፤ ያሉበትን ቦታ አይቶ በቅርብ የሚደረገውን ስብሰባ ከነሰዓቱ ያሳያል። በየከተማው "ኢንተርግሩፕ" የሚባል ጽሕፈት ቤት አለ፤ ስልክ የሚያነሡት ራሳቸው መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ በኩል ያሉት አጎራባች ከተሞች አንድ ኢንተርግሩፕ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ የራሱ አለው። የፌዴራሉ መንግሥት የሱስ ሕክምና መረጃ መስመር 1-800-662-4357 ነው፤ ነጻ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ ኢንሹራንስ የሌለውንም ያስተናግዳል።

በዝርዝሩ ላይ "ኦፕን" የሚል ከተጻፈበት ማንም ሰው፣ ቤተሰብም ቢሆን፣ መግባት ይችላል። "ክሎዝድ" ማለት መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። "ስፒከር" የሚለው አንድ ሰው ታሪኩን የሚናገርበት ስለሆነ ለማዳመጥ ብቻ ለሚመጣ እንግዳ ይመቻል። "ቢጊነርስ" ለጀማሪዎች ነው። የሴቶች ብቻና የወንዶች ብቻ የሆኑም አሉ። ለእኅቶቼ የምመክረው ከሴቶች ስብሰባ እንዲጀምሩ ነው። አዲስ የመጣችን ሴት በእርዳታ ስም የሚቀርብ ወንድ አልፎ አልፎ አይጠፋም፤ ማኅበሩ ውስጥም የሚወገዝ ነገር ነው።

በአውሮፓ፦ በእንግሊዝ የኤኤ ነጻ ስልክ 0800 9177 650 ነው፤ በቤተሰብ ሐኪምዎ በኩልም የአካባቢውን የመጠጥና የዕፅ አገልግሎት በነጻ ማግኘት ይቻላል። በጀርመን "አኖኒሜ አልኮሆሊከር" ይባላል፤ ከእርሱ ሌላ በ1877 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተው ሰማያዊ መስቀል፣ በጀርመንኛ "ብላውስ ክሮይዝ"፣ የራሱ ቡድኖች አሉት። በትልልቅ ከተሞች በእንግሊዝኛ የሚደረጉ ስብሰባዎች ስለማይጠፉ ቋንቋው ያልጠነከረ ሰው ከዚያ ይጀምር።

በእስራኤል፦ በዕብራይስጥ፣ በሩሲያኛና በእንግሊዝኛ የሚደረጉ የኤኤ ስብሰባዎች አሉ።

በዐረብ አገሮች፦ እንደ ዱባይ ባሉ ከተሞች ስብሰባ ይገኛል። መጠጥ በሕግ ጨርሶ በተከለከለበት እንደ ኩዌት ባለ አገር ያላችሁ ወገኖቼ ግን "እጠጣለሁ" ብሎ መናገሩ ራሱ ሥጋት ስለሆነ የሚሻለው በኢንተርኔት የሚደረገው ስብሰባ ነው። በየትኛውም ሰዓት አንድ ቦታ ክፍት የሆነ አይጠፋም። ስምን ለውጦ፣ ካሜራን ዘግቶ፣ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ይቻላል። በድብቅ የሚወጣው አረቄ ደግሞ ከሱሱም በላይ ያሠጋል። በነሐሴ 2025 በኩዌት በሜታኖል የተመረዘ መጠጥ ከ20 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ዓይናቸው የጠፋም አሉ። ከጠጡ በኋላ ዓይንዎ ከደበዘዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።

የመጀመሪያው ምሽት

እኔ መጀመሪያ ማክሰኞ ስብሰባው ካለበት ሕንጻ ፊት ለፊት መኪናዬን አቁሜ፣ ሰው ሲገባ አይቼ ተመለስኩ። ሁለተኛውም ማክሰኞ እንዲሁ። በሦስተኛው ውጭ ቆመው ሲጋራ የሚያጨሱ አዛውንት መጥተው መስኮቱን አንኳኩና "ቡናው እየቀዘቀዘ ነው" ብቻ አሉኝ። ከዚያ በፊት እኔን ለመሳሰሉ ስንት ሰዎች መስኮት እንዳንኳኩ ኋላ ነው ያወቅሁት።

ገብተው የሚያገኙት ይህን ነው። ከአሥር እስከ ሠላሳ የሚሆን ሰው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። የዕለቱ መሪ የማኅበሩን ማንነት የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ያነባል፤ ከዚያም "አዲስ የመጣ አለ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። እጅ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ካወጡ የሚሉት የመጀመሪያ ስምዎን ብቻ ነው። ሌሎቹ "አልኮሆሊክ ነኝ" ሲሉ ቢሰሙ እርስዎ እንዲሁ እንዲሉ አይገደዱም፤ "ዛሬ ለማዳመጥ ነው የመጣሁት" ማለት በቂ ነው። ተራ ሲደርስዎ "አለፍኩ" ቢሉ ማንም ቅር አይለውም።

አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም፤ ምክርም አይሰጠውም። ሽማግሌ ተቀምጦ ሲገሥጽ ለለመድነው ለእኛ ይህ በመጀመሪያ ይገርማል። ቅርጫት ሲዞር አንድ ወይም ሁለት ዶላር የሚጥል አለ፤ አዲስ ሰው እንዲከፍል ግን አይጠበቅም። ሳይጠጡ ለቆዩበት ቀን ብዛት እንደ ሳንቲም ያለ ማስታወሻ የሚሰጡ ቡድኖች አሉ። በመጨረሻ ተያይዘው አጭር ጸሎት ይላሉ፤ ያልፈለገ ዝም ብሎ ይቆማል። ከስብሰባው በኋላ ስልክ ቁጥራቸውን ይሰጡዎታል። ይቀበሉ፤ የሚያስፈልገው ሌሊት አምሮቱ ሲመጣ ነው።

አንድ ስብሰባ አይተው አይፍረዱ። እያንዳንዱ ቡድን ጠባዩ ይለያያል፤ ቢያንስ አምስት ስድስት የተለያዩ ይሞክሩ። የተስማማዎትን ሲያገኙ በየሳምንቱ የማይቀሩበት "ሆም ግሩፕ" ያድርጉት። ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ያልጠጣ፣ ፆታው ከእርስዎ ጋር አንድ የሆነ ሰው "ስፖንሰር" እንዲሆንዎ ይጠይቁ። የቆዩ አባላት ለጀማሪ በ90 ቀን 90 ስብሰባ ይመክራሉ። ይበዛል ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን በቀን ስንት ሰዓት እጠጣ እንደነበረ ስቆጥረው ትርፍ ጊዜ ተገኘ።

ይሉኝታና ምሥጢር

ከበሩ የሚመልሰን የቦታው መጥፋት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። "የአገሬ ሰው ቢያየኝስ?" የሚለው ፍርሃት እኔንም ሁለት ማክሰኞ መልሶኛል። ለዚህ ሦስት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ከቤትዎ ሃያ ማይል ርቀው መሄድ ይችላሉ፤ ማንም የሰፈርህ አይደለም አይልዎትም። ሁለተኛ፣ እዚያ የሚያገኙት የአገርዎ ሰው እርሱም የመጣው ለዚያው ጉዳይ ነው፤ ስለ እርስዎ ያወራ እንደሆነ ስለ ራሱ አወራ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ አብዛኛው ዘመድዎ አስቀድሞ ያውቃል። የማያውቀው እርስዎ ለመተው እየሞከሩ መሆኑን ነው።

ይሁንና ምሥጢሩ ሕጋዊ ሳይሆን በመተማመን የቆመ መሆኑን ይወቁ። በአሜሪካ የሱስ ሕክምና የሚሰጡ ተቋማት መዝገብ በፌዴራል ደንብ ይጠበቃል፤ በስብሰባ ላይ የተነገረ ነገር ግን ለጠበቃ ወይም ለንስሐ አባት እንደተነገረው በሕግ አይጠበቅም። ስለዚህ ስለ መጠጥዎ በነጻነት ይናገሩ፤ ፍርድ ቤት ሊያደርስ የሚችል ጉዳይ ካለ ግን ለጠበቃ ይንገሩ።

ጠጥቶ በማሽከርከር ተይዞ ስብሰባ እንዲሄድ በዳኛ የሚታዘዝ ብዙ ሰው አለ። ለእርሱ የሚፈረም ወረቀት ለመሪው ሲሰጥ ብዙዎቹ ቡድኖች ይፈርማሉ። ሃይማኖታዊ ይዘቱን የማይፈልግ ሰው ሌላ አማራጭ ሳይሰጠው ወደ ኤኤ ብቻ መገደዱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች በ1996 እና በ2007 ወስነዋል፤ ስለዚህ ስማርት ሪከቨሪን መጠየቅ ይቻላል።

ዜግነት ላላገኘ ሰው ነገሩ ይከብዳል። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው ውሳኔ በሚመረመረው ጊዜ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ ጠጥቶ በማሽከርከር የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ይገመታል። ከጥፋቱ በኋላ ለመለወጥ መሞከሩም ብቻውን ግምቱን እንደማያነሣ ውሳኔው ይናገራል። እንግዲህ ስብሰባው የሚጠቅመው ፖሊስ ካስቆመን በኋላ ሳይሆን አስቀድመን ስንሄድ ነው።

በአማርኛ ቢሆንስ?

እንግሊዝኛችን ለሥራ ይበቃል፤ የልብን ለመናገር ግን አይበቃም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ስለ ሟች አባቴ በእንግሊዝኛ መናገር አቅቶኝ ዝም ያልኩበት ምሽት ነበር። በተመሳሳይ ምክንያት በአሜሪካ የስፓኒሽ፣ የፖሊሽና የሩሲያኛ ቡድኖች ተቋቁመዋል። በወጎቹ መሠረት ከመጠጥ ለመራቅ የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ ቡድኑ ከሌላ ድርጅት ጋር ያልተሳሰረ ከሆነ፣ ራሳቸውን የኤኤ ቡድን ማለት ይችላሉ። ፈቃድ የሚጠየቅበት የበላይ አካል የለም። አንድ ክፍል፣ አንድ የቡና ጀበናና ሁለት ሰው ከተገኘ ለኢንተርግሩፑ አስታውቆ በዝርዝሩ ላይ ማስገባት ብቻ ነው የሚቀረው። ክፍሉ ግን ከራሳችን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ውጭ ቢሆን ይሻላል፤ ሰው በነጻነት የሚገባው ዘመዱ በማያልፍበት በር ነው።

ለመሆኑ ይሠራል ወይ?

መሐንዲስ ስለሆንኩ ይህን ጥያቄ ሳልመረምር አላለፍኩም። በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ተቋም 10,565 ሰዎች የተካተቱባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ ነበር። በባለሙያ ተመርተው ወደ ኤኤ እንዲገቡ ከተደረጉት ውስጥ ከአንድ ዓመት በኋላ 42 በመቶ የሚሆኑት ጨርሶ ሳይጠጡ ሲገኙ፣ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምናን የመሰሉ ሌሎች ሕክምናዎች ከተሰጧቸው ውስጥ ግን 35 በመቶ ነበሩ። ተአምር አይደለም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዓመቱ ውስጥ ይጠጣል። ግን በነጻ የሚገኝ ነገር በገንዘብ ከሚገኘው ሳያንስ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ቢጠጡም ይመለሱ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ ጠጥቼ ተመልሻለሁ፤ ወንበሬን ማንም አልወሰደብኝም።

ለቤተሰብና ለወዳጅ

የሚጠጣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ወይም ወንድም ላላችሁ በ1951 የተቋቋመው አል-አኖን አለ፤ ለወጣቶች ደግሞ አላቲን። የሚሰበሰቡት ጠጪውን ለመለወጥ ሳይሆን ራሳቸው እንዳይሰበሩ ነው። ዘመዳችሁ ገና እምቢ ቢል እንኳ እናንተ መሄድ ትችላላችሁ።

ለወዳጆች ደግሞ የምለው አለኝ። በሠርግና በክርስትና ቤት "በሞቴ አንድ ብቻ" የምንለው ፍቅር መስሎን ነው። አንድ ሰው "ለስላሳ ይሁንልኝ" ካለ ለምን ብላችሁ አትጠይቁት፤ ለስላሳውን ስጡት። ለምትሠጉለት ሰው ደግሞ ምክር ከመደርደር አድራሻና ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ። "ማክሰኞ በአንድ ሰዓት መጥቼ እወስድሃለሁ፤ ባትናገርም ግድ የለም" በሉት። እንዲህ ያለ ጥሪ አንድ ጊዜ እምቢ ቢባል ሁለተኛ ይባላል።

ውድ አንባቢያን፣ አባቶቻችን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላሉ። ለወዳጄ ለቅሶ ስንት ማይል ነድተን እንደመጣን አስበዋለሁ። ስብሰባው የሚደረግበት ሕንጻ ከቤቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ኋላ በመኪና ለክቼዋለሁ። እርስዎም ዛሬ ማታ ከቤትዎ ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ ይመልከቱ። እርግጠኛ እስኪሆኑ አይጠብቁ፤ ገብተው ከኋላ ይቀመጡ፣ ቡናውን ይጠጡ፣ ያዳምጡ።

ቸር ይግጠመን።